ያዘመመ የግቢ ጋራዥን ከእግሩ ጀምሮ ማቃናት

ጎንደር ውስጥ በብዙ ግቢ ከዋናው ቤት ተነጥላ የቆመች የመኪና ማደሪያ አለች፦ ቋሚዋ ባህር ዛፍ፣ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ክዳኗ ቆርቆሮ። ዛሬ ቪትዝ ወይም ባጃጅ ያድርባታል። ዓመታት ሲቆዩ ወደ አንድ ጎን ታዘማለች፤ በሯ አልዘጋ ይላል፤ ልስኗ ከታች ጀምሮ ይረግፋል። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ልስኑን ደፍኖ ቀለም መቀባት ነው፤ ገንዘቡ የሚባክነውም እዚያ ላይ ነው። ልስኑ የረገፈው ግድግዳው ስለተንቀሳቀሰ ነው። ግድግዳው የተንቀሳቀሰው የቋሚው እግር ስለበሰበሰ ነው። እግሩ የበሰበሰው ደግሞ ውሃ ስለተኛበት ነው። ጥገናው ይህንኑ ሰንሰለት ከሥሩ ይዞ መምጣት አለበት፦ መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ እግሩ፣ ቀጥሎ ክዳኑ፤ ግድግዳው መጨረሻ።

ለስሌት እንዲመች እዚህ የምንጠቀመው ልክ በውጭ 3.10 በ6 ሜትር የሆነ፣ አንድ የቤት መኪና የሚይዝ ጋራዥ ነው። ክዳኑ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ፣ ዝቅተኛው ግድግዳ 2.20፣ ከፍተኛው 2.80 ሜትር። ባጃጅ ብቻ የሚያድርበት ከሆነ 2 በ3.50 ሜትር ይበቃል፤ የባጃጅ ወርድ 1.30፣ ርዝመቱ ከ2.70 አይበልጥም። ፖርቶመጋላ የጫነ ሚኒባስ ካለ ግን ዝቅተኛው ግድግዳ ከ2.60 ማነስ የለበትም።

ጊዜው

በጎንደር ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ይበረታል። ጉድጓድ ለመቆፈር ጥሩው ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ አፈሩ ገና ስላልደረቀ ዶማ ይቀበላል። ምርጊት ደግሞ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት። ግንቦት ላይ የተመረገ ጭቃ ውስጡ ሳይደርቅ ክረምት ይገባበታል፣ በመስከረም ከግድግዳው ተላቆ ይወርዳል።

ይጠገናል ወይስ ይፈርሳል?

ለምርመራው የሚያስፈልገው ካቻቢቴ፣ መዶሻ፣ ቱምቢ (ቀጥታ ለማየት በገመድ የሚንጠለጠል ክብደት)፣ ሜትርና ጠመኔ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ቋሚ ዙሪያ አፈሩን 30 ሳ.ሜ. ወደ ታች ይክፈቱ። ባህር ዛፍ የሚበሰብሰው በዋናነት መሬት በሚነካበት መስመር ላይ ነው፤ ከመሬት 10 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎና እስከ 30 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ ባለው ክፍል። እንጨት የሚበላው ሻጋታ እርጥበትም አየርም ይፈልጋል። ከዚያ በላይ እንጨቱ ደረቅ ነው፤ በጣም ከታች ደግሞ አየር ያጥረዋል። ስለዚህ ከላይ ሲያዩት ጤነኛ የሚመስል ቋሚ እግሩ ላይ እንደ አውራ ጣት ቀጥኖ ሊገኝ ይችላል።

በመዶሻ መታ መታ ያድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ ዱብ ካለ ውስጡ ሄዷል። ካቻቢቴውን በእጅ ኃይል ብቻ ይግፉት፤ ከ2 ሳ.ሜ. በላይ ከገባ ያ እግር ይቀየራል፣ በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት። እንጨቱ ላይ የደረቀ የጭቃ መስመር ወደ ላይ ሲወጣ ካዩ ምስጥ ነው። መስመሩን ፍቀው ከሳምንት በኋላ ይመለሱ፤ እንደገና ከተሠራ ምስጡ አሁንም ሥራ ላይ ነው። ጥቃቅን ክብ ቀዳዳና ከሥሩ የተራገፈ ዱቄት ካለ ደግሞ ነቀዝ ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በድሮ ቤቶች ቋሚው ባህር ዛፍ ሳይሆን ጥድ ወይም ወይራ ሊሆን ይችላል። ልጣጩ ተፍቆ ከውስጥ ቀይ ሆኖ ሽታው ከወጣ ጥድ ነው፤ ከብዶና ጠንክሮ ምስማር አልቀበል ካለ ወይራ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ቋሚ በባህር ዛፍ መለወጥ ትልቅ ኪሳራ ነው። የታመመውን እግር ብቻ ቆርጠው የቀረውን ያኑሩት።

ቀጥሎ ዝመቱ ይለካል። በቋሚው ላይ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ምስማር ይምቱ፣ ቱምቢውን ያንጠልጥሉ፣ ከታች ከቋሚው ምን ያህል እንደራቀ ይለኩ። እስከ 5 ሳ.ሜ. ከሆነ ባለበት ማጠንከር ይበቃል። ከ5 እስከ 15 ሳ.ሜ. ጎትቶ ማቃናት ይቻላል። ከ15 በላይ ከሆነ ክዳኑን አውርዶ ቋሚውን ነቅሎ እንደገና መትከል ይረክሳል፤ ያ ሁሉ ምስማርና ማሰሪያ ላልቷል።

እግሮቹ በሙሉ ቢበሰብሱም ቤቱ ይጠገናል፤ እግር ይቀየራል። ተስፋ የሚያስቆርጠው ሌላ ነው፦ ክዳኑን የሚሸከሙት ተዳፋት እንጨቶች፣ ወራጆቹ፣ የተቀመጡበት የላይ አግዳሚ ከበሰበሰ፣ ወይም ከቋሚዎቹ ከሦስት አንዱ ከጉልበት በላይ ከተበላ፣ ጥገናው ከአዲስ ሥራ ይበልጣል። ያኔ ወደ ታች ስለ ብሎኬት የተጻፈውን ይመልከቱ።

ክዳኑ ቆርቆሮ ሳይሆን ኤተርኒት የሚባለው ግራጫ፣ ሲመቱት እንደ ሸክላ የሚሰማ ዝርግ ከሆነ አይስበሩት፣ በመጋዝም አይቁረጡት። የድሮው ኤተርኒት አስቤስቶስ አለበት፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ውሃ እየረጩ ምስማሩን ነቅለው ሙሉውን ዝርግ እንዳለ ያውርዱ።

ለጥገናም ቢሆን ቀበሌንና ማዘጋጃ ቤትን አስቀድሞ መጠየቅ ደግ ነው፤ ግንባታው አዲስ ከሆነ ፈቃድ ግድ ነው። ግቢው በፋሲል ግቢ አካባቢ ወይም በሌላ ጥንታዊ ቅጥር አጠገብ ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ በዙሪያው መቆፈርና መገንባት ቁጥጥር አለበት። ሲቆፍሩ በኖራ የታሰረ የድሮ ካብ ካገኙ እዚያው ያቁሙና ያሳውቁ።

ውሃውን ማዞር

ጎንደር ተዳፋት ከተማ ናት። የእርስዎ ጋራዥ ላይ የሚተኛው ውሃ ብዙ ጊዜ ከላይ ካለው ግቢ የሚመጣ ነው። ከላይ በኩል፣ ከግድግዳው 1 ሜትር ርቀት ላይ፣ ወርዱ 30፣ ጥልቀቱ 40 ሳ.ሜ. የሆነ ቦይ ይቆፍሩ። በየሜትሩ ቢያንስ 1 ሳ.ሜ.፣ ቢቻል 2 ሳ.ሜ. ይዘቅዝቅ፤ በጎማ ውሃ ልክ (ውሃ በተሞላ ግልጽ ቱቦ) ይፈትሹት፣ ዓይን ያታልላል። ጎኑንና ወለሉን በድንጋይ ቢደረድሩት በየዓመቱ ከመቆፈር ያርፋሉ።

ከዚያ በግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈር ይዝቁ። በመጥረግ፣ በጎርፍና በአመድ ብዛት የግቢ መሬት በየዓመቱ ከፍ ይላል፤ በ20 ዓመት ውስጥ የቤቱ የታችኛው ጭቃ ከመሬት በታች ሆኖ ይቀራል። ጭቃ ከመሬት ጋር በተነካካ ቁጥር እርጥበት እየመጠጠ ወደ ላይ ይወጣል። በዙሪያው ያለው መሬት ከግድግዳው ሲርቅ በመጀመሪያው ሜትር 5 ሳ.ሜ. ይውረድ።

የታችኛው 30 ሳ.ሜ. ልስን ከሌላው ቀድሞ የሚረግፍበት ሁለተኛ ምክንያት ፍንጣቂ ነው። ከክዳኑ ጫፍ የሚወርደው ውሃ ጠንካራ መሬት ላይ ሲያርፍ ተፈናጥሮ ግድግዳውን ይመታል። ውሃው የሚያርፍበትን መስመር ተከትለው 40 ሳ.ሜ. ወርድ ያለው ጠጠር ያንጥፉ፤ ጠጠር ላይ የወደቀ ጠብታ አይፈናጠርም።

መሬቱ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር አፈር ከሆነ፣ በበጋ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ በክረምት ያብጣል። በሩ ሐምሌ ላይ አልከፈት፣ ጥር ላይ አልዘጋ የሚል ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው። በእንዲህ ያለ መሬት ከታች የምንጠቅሰው ጥልቀት ሁሉ 20 ሳ.ሜ. ይጨመርበታል፤ ወለል ሥር ያለው ጥቁር አፈርም ተዝቆ በገረጋንቲ (በጠጠርማ አፈር) ይተካል። የወጣውን ጥቁር አፈር መልሶ መሙላት ሥራውን ሁሉ ያበላሻል።

እግር መቀየር

የሥራው ልብ ይህ ነው፤ አብዛኛው ስህተትም እዚህ ይሠራል። ሦስቱን አስቀድመን እናንሳ። አንደኛ፣ በበሰበሰው ቋሚ ዙሪያ ኮንክሪት ማፍሰስ። እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በእንጨቱና በኮንክሪቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፣ ውሃ ይገባል፣ መውጫ የለውም። እንጨቱ ብርጭቆ ውስጥ እንደቆመ ይሆናል፤ አፈር ውስጥ ከሚቆየውም ያነሰ ይቆያል። ሁለተኛ፣ የተቃጠለ ዘይት ቀብቶ መቅበር። ዘይቱ ከላይ ላይ ብቻ ይቀራል፣ የእንጨቱ መሐል እንደነበረ ነው፤ የጉድጓድ ውሃ ካለዎትም ይበክላል። ሦስተኛ፣ ከአሮጌው አጠገብ አጭር እንጨት ቀብሮ በምስማር ማያያዝ፤ እሱም በተራው ይበሰብሳል። እንጨት መሬት እንዳይነካ ማድረግ ብቻ ነው መድኃኒቱ።

የተቀየረው እግር እንዲህ ይሆናል፦ ከመሬት 20 ሳ.ሜ. ከፍ ያለ የኮንክሪት ጉልላት፣ ከውስጡ የወጡ ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች፣ በብረቶቹ መካከል የተቀመጠ ቋሚ። ለአንዱ የሚያስፈልገው ወርዱ 4 ሳ.ሜ.፣ ውፍረቱ 4 ሚ.ሜ.፣ ርዝመቱ 60 ሳ.ሜ. የሆነ ጠፍጣፋ ብረት ሁለት፣ ባለ 12 ሚ.ሜ. ቡሎን ከነዳዶው ሁለት፣ የካላማዳሪ (የጎማ የውስጥ ቱቦ) ቁራጭ አንድ፣ ሲሚንቶ ደግሞ ግማሽ ከረጢት ነው።

በመጀመሪያ ሸክሙን ያውርዱ። ቋሚው የተሸከመውን አግዳሚ ከግራና ከቀኝ 40 ሳ.ሜ. ራቅ ብለው በሁለት ወፍራም እንጨት ይደግፉ። ከድጋፉ ሥር ሰፊ ጣውላ ያድርጉ፣ አለበለዚያ መሬት ውስጥ ይሰምጣል። የመኪና ክሪክ፣ ባለ 2 ቶኑ፣ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። የሚያነሱት ከ3 እስከ 5 ሚ.ሜ. ብቻ ነው፤ ቋሚው ከሸክሙ መላቀቁን በእጅ ነቅነቅ አድርገው ካወቁ ይበቃል። ከዚያ በላይ ካነሱ ምርጊቱ ይሰነጠቃል፣ ቆርቆሮው ምስማሩን ይነቅላል። ካነሱ በኋላ በታኮ ያጥብቁ፤ ክሪክ ብቻውን ሸክም ይዞ አያድርም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቋሚዎችን በአንድ ጊዜ አይንኩ፤ አንዱን ሠርተው ሁለት ዘለው ሌላውን ይጀምሩ።

ቋሚውን ከመሬት 21 ሳ.ሜ. ላይ በመጋዝ ቀጥ አድርገው ይቁረጡ። የተቆረጠው ቦታም በካቻቢቴ ይፈተሽ፤ አሁንም ለስላሳ ከሆነ ጤነኛ እንጨት እስኪያገኙ ከፍ ያድርጉ፣ የኮንክሪቱም ጉልላት አብሮ ይርዘም። የቀረውን ጉቶ ነቅለው 40 በ40፣ ጥልቀቱ 60 ሳ.ሜ. የሆነ ጉድጓድ ይቆፍሩ፣ ወለሉን በደንብ ይጠቅጥቁት።

ኮንክሪቱ 1 ለ2 ለ4 ነው። የውስጥ ልኩ 50 በ40 በ18 ሳ.ሜ. የሆነ ሳጥን ካሠሩ ከአንድ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ መጠን ጋር ይመጣጠናል፦ አንድ ከረጢት፣ 2 ሳጥን አሸዋ፣ 4 ሳጥን ጠጠር፣ ውሃ ከ25 እስከ 28 ሊትር። ሠራተኛው እንዲቀልለው ውሃ ቢጨምር ኮንክሪቱ ይደክማል፤ በዚህ ላይ አይለሳለሱ። ጉድጓዱ ውስጥ ታጥቦ የጸዳ ጥቁር ድንጋይ እርስ በርሱ ሳይነካካ፣ በ5 ሳ.ሜ. ክፍተት እየቀበሩ ቢያፈሱ የጉድጓዱ ሲሶ በድንጋይ ይያዛል፤ አንድ ከረጢትም ለሁለት እግር ይበቃል። በመረሬ ለሚቆፈረው ባለ 80 ሳ.ሜ. ጉድጓድ ግን አንዱ እግር 30 ኪሎ ገደማ ይወስዳል። ጉልላቱ በ25 በ25 ሳጥን ይፈሰሳል፤ ጫፉ ወደ ውጭ ትንሽ ያዘንብል። ብረቶቹ 30 ሳ.ሜ. ያህሉ ውስጥ ይቀበራል፣ የታችኛው ጫፋቸው 5 ሳ.ሜ. ታጥፎ።

ለ7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ውሃ ያጠጡት። በጎንደር የበጋ ፀሐይና ነፋስ ያልተሸፈነ ኮንክሪት ውሃውን በአንድ ቀን ይነጠቃል፣ ላዩ ዱቄት ይሆናል። ቧንቧ በየቀኑ በማይመጣበት ሰፈር ውሃውን በበርሜል ሳይሞሉ ኮንክሪት አይጀምሩ። ሲሚንቶው ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ከሆነ ጥንካሬውን ቀስ ብሎ ስለሚያገኝ ሸክም እስኪያርፍበት 10 ቀን ይታገሱት።

የቋሚውን ሁለት ጎን ብረቱ እንዲቀመጥ በመጥረቢያ ጠፍጣፋ ያድርጉት። በኮንክሪቱና በእንጨቱ መካከል የካላማዳሪውን ቁራጭ ያስገቡ፤ ኮንክሪትም እርጥበት ይመጥጣልና። አንዱን ቡሎን ብቻ ያስገቡ። ሁለተኛው ቤቱ እስኪቃና ይቆያል።

ማቃናት

የጭቃ ቤት የሚያዘምበት ሌላው ምክንያት ሰያፍ እንጨት ስለሌለው ነው። ቋሚና ማገር ብቻ ያለው ግድግዳ አራት ማዕዘኑን የሚይዝለት ጭቃው ነው፤ ጭቃው ሲሰነጠቅ የሚይዘው ነገር የለም።

በአራቱም ማዕዘን ጭቃውን ከላይ እስከ ታች በአንድ መዳፍ ስፋት ይክፈቱ፣ ካልሆነ ሲጎተት ይፈነዳል። ቆርቆሮው የሚቀየር ከሆነ አስቀድመው ያውርዱት። ፓራንኮ (በሰንሰለት የሚስብ መጎተቻ) ወይም ጠንካራ ገመድ ከላይኛው አግዳሚ ጋር አስረው ከዝመቱ በተቃራኒ ከተተከለ ካስማ ጋር ያያይዙ። 2 ሳ.ሜ. ይሳቡ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ይተዉት፣ እንደገና 2 ሳ.ሜ.። አንዷ ቡሎን እንደ ማጠፊያ ስለምታገለግል ቋሚው ሳይሰበር ይዞራል። እንጨት ሲለቀቅ ትንሽ ይመለሳል፤ ስለዚህ ከቱምቢው 1 ሳ.ሜ. አሳልፈው ይሳቡ።

ገመዱ እንደተወጠረ በእያንዳንዱ ግድግዳ ውስጠኛ ፊት ከላይ ማዕዘን ወደ ታች ሰያፍ ጣውላ ይምቱ፤ ረዥሙ ግድግዳ ላይ ሁለት፣ በተቃራኒ አቅጣጫ። ወርዱ 15፣ ውፍረቱ 2.5 ሳ.ሜ. ይበቃል፤ በሚያቋርጠው ቋሚ ሁሉ ላይ ሁለት ሁለት ምስማር። ሁለተኛውን ቡሎን አሁን ያስገቡ፤ ገመዱን በማግስቱ ይፍቱ።

ክዳን

ለዚህ ልክ ከፊትና ከኋላ 30፣ በዝቅተኛው በኩል 40፣ በከፍተኛው በኩል 25 ሳ.ሜ. ጥላ ቢተው፣ የክዳኑ ተዳፋት ርዝመት 3.82 ሜትር ይመጣል። ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ ሁለቱ በ18 ሳ.ሜ. ተደራርበው በልኩ ይሸፍኑታል። ወደ ጎን አንዱ ዝርግ ከተደራረበ በኋላ 75 ሳ.ሜ. ያህል ይሸፍናል፤ ለ6.60 ሜትር 9 ረድፍ፣ በድምሩ 18 ዝርግ። 19 ይግዙ።

የቆርቆሮ ጌጅ ቁጥሩ ባደገ መጠን ዝርጉ እየሳሳ ይሄዳል። ባለ 35 ከ0.2 ሚ.ሜ. ብዙም አይርቅም፤ ባለ 28 ወደ 0.4 ይጠጋል። ለጋራዥ ቢያንስ ባለ 32 ይጠቀሙ። በጎንደር በረዶ ይጥላል፤ ክዳን ላይ የሚወጣ ሰውም አይጠፋም፤ ባለ 35 በአንድ ርግጫ ይታጠፋል፣ የታጠፈበትም ቦታ ቀድሞ ይዝጋል።

ወራጁ ዲያሜትሩ ከ10 እስከ 12 ሳ.ሜ.፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ፣ ልጡ የተላጠና ጥላ ውስጥ የደረቀ ባህር ዛፍ ነው፤ በየ1.20 ሜትሩ አንድ፣ በድምሩ 6። እርጥቡን ከመቱት እየደረቀ ይጣመማል፣ ቆርቆሮውንም አብሮ ያጣምመዋል። ቆርቆሮው የሚመታበት አግዳሚ፣ ሞራሌው፣ 5 በ7 ሳ.ሜ. ሆኖ፣ በየ64 ሳ.ሜ.፣ 7 መስመር፤ ባለ 4 ሜትር ሞራሌ 13 ያስፈልጋል። ሁለቱ ቆርቆሮዎች የሚደራረቡበት መስመር ሥር የግድ አንድ ሞራሌ ይዋል።

ምስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ሸለቆው ላይ ከተመታ ውሃ የሚሄደው በዚያው ስለሆነ በመጀመሪያው ክረምት ያፈሳል። በየሞራሌው ለአንድ ዝርግ ሦስት ይበቃል፣ በድምሩ 200 ገደማ፤ ጫፍ ላይ ያለው ሞራሌ ግን በየሁለት ጉብታው ይመታ። ከክረምት በፊት የሚነሳው ነፋስ ክዳን የሚያነሳው ከጫፍ ጀምሮ ነውና። እያንዳንዱ ወራጅ ከቋሚው ጋር በድርብ የተጠመዘዘ ሽቦ ይታሰር፤ ምስማር ብቻውን ወደ ላይ ለሚስብ ኃይል አይታመንም።

አሮጌው ቆርቆሮ ውስጥ ቆመው ወደ ፀሐይ ሲያዩ እንደ ወንፊት የሚያበራ ከሆነ ለአጥር ያውሉት። ቀዳዳውን በሬንጅ መድፈን ዕድሜው አጭር ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል።

ዝቅተኛው ወገን ወደ ጎረቤት እንዳያፈስ፤ ወደ ራስዎ ግቢ ያዙሩትና አሸንዳ ይግጠሙለት። የክዳኑ ስፋት 25 ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ 1 ሚ.ሜ. ዝናብ 25 ሊትር ይሰጣል። 8 ሚ.ሜ. ሲዘንብ ባለ 200 ሊትር በርሜል ይሞላል። መኪና ለማጠብና ለልብስ ከበቂ በላይ ነው።

ግድግዳ

በጉልላቶቹ መካከል 30 ሳ.ሜ. ጥልቀት ቆፍረው፣ ከመሬት 30 ሳ.ሜ. ከፍ የሚል የድንጋይ ካብ በ1 ለ4 ሲሚንቶና አሸዋ ይሥሩ። ጭቃው የሚጀምረው ከካቡ በላይ ነው።

ጭቃው ከ7 እስከ 15 ቀን ይቡካ፤ በየሁለት በየሦስት ቀኑ እየተረገጠና የጤፍ ጭድ እየተጨመረበት። ልኩን ለማወቅ የብርቱካን መጠን ያለው ድቡልቡል ሠርተው ጥላ ውስጥ ለ3 ቀን ያድርቁ። ከተሰነጠቀ ጭድ ወይም አሸዋ ያንሰዋል፤ በአውራ ጣት ሲፈትጉት ከተፈረፈረ ሸክላማ አፈር ያንሰዋል። የመጀመሪያው ምርጊት ሙሉ በሙሉ ደርቆ ስንጥቁን ሳያሳይ ሁለተኛው አይመረግም።

ጭቃን በሲሚንቶ መለሰን አንመክርም። ሲሚንቶ ግትር ነው፤ ጭቃ ግን እርጥበት በተለዋወጠ ቁጥር ያብጣል ይኮማተራል። ሁለቱ ይለያያሉ፤ በመካከላቸው የገባ ውሃም መውጫ ያጣል፤ አንድ ክረምት አልፎ ልስኑ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ከጭቃ ጋር የሚስማማው ኖራ ነው። የጎንደር ግንቦች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የቆሙት በድንጋይና በኖራ ነው። ኖራውን ቢያንስ አንድ ሳምንት ውሃ ውስጥ ያቆዩት፤ በደንብ ያልበረደ ኖራ ግድግዳው ላይ ከተለሰነ በኋላ እየፈነዳ ጉድጓድ ይተዋል። አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ፣ 1 ሳ.ሜ. ውፍረት፣ በሁለት ዙር፣ በመካከሉ አንድ ሳምንት። ሲያበርዱት ይፈላል፣ ይረጫል፤ ዓይን ያሳውራልና መነጽርና ጓንት ግድ ነው።

ከፈረሰና በብሎኬት ከተሠራ

መሠረቱ ወርዱ 40፣ ከመሬት በታች 60፣ ከመሬት በላይ 20 ሳ.ሜ. የሆነ የድንጋይ ግንብ ነው፦ ድንጋይ 7 ሜትር ኩብ፣ ሲሚንቶ 14 ከረጢት። ባለ 15 ሳ.ሜ. ብሎኬት በካሬ ሜትር 12 ከግማሽ ይገባል፤ የበሩ 2.50 ሜትር ተቀንሶ 500 ይበቃል፣ ብሎኬቱን ለመደርደር ሲሚንቶ 7 ከረጢት። ከላይ በዙሪያው 15 በ20 ሳ.ሜ. የሆነ ቶፕ ታይ ቢም፣ ማለትም ግድግዳውን ከላይ የሚያስር የኮንክሪት ቀበቶ፣ ይሠራበት፤ ባለ 10 ሚ.ሜ. ፌሮ 7 ቤርጋ (ባለ 12 ሜትር ዘንግ)፣ ባለ 6 ሚ.ሜ. ስታፋ (ፌሮዎቹን የሚያቅፍ ቀለበት) በየ20 ሳ.ሜ.፣ ሲሚንቶ 4 ከረጢት። ይህን ለማትረፍ የሚዘሉት ብዙ ናቸው፤ በመረሬ መሬት ላይ ግን ማዕዘኑ በመጀመሪያው ዓመት ይከፈታል። ብሎኬቱን ሲገዙ ከወገብ ከፍታ አንዱን ይጣሉ፤ ተሰባብሮ አሸዋ ከሆነ ሌላ ቦታ ይሂዱ።

ወለልና በር

ወለሉ በሙሉ በ10 ሳ.ሜ. ኮንክሪት ከተሠራ 10 ወይም 11 ከረጢት ይወስዳል። ገንዘብ ካጠረ ጎማ የሚያርፍባቸውን ሁለት መስመሮች ብቻ፣ እያንዳንዳቸው 60 ሳ.ሜ. ወርድ፣ ቢያፈሱ 5 ከረጢት ይበቃል፤ መካከሉ ድንጋይና ጠጠር ይሁን። ሥሩ 20 ሳ.ሜ. የተጠቀጠቀ ድንጋይ ይኑረው። ወለሉ ወደ በሩ 12 ሳ.ሜ. ይዘቅዝቅ። ሙሉ ወለል ከሆነ መካከሉ ላይ፣ በ3 ሜትር፣ 2.5 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያለው መስመር ይቁረጡ፤ ኮንክሪት መሰንጠቁ አይቀርም፣ ስንጥቁ ግን መስመሩን ይከተላል።

የላሜራ በር ከእንጨት ቋሚ ጋር አይታሰር። እያንዳንዱ ክንፍ 1.25 በ2.20 ሜትር ነው፤ ክብደቱ አሁን ያቃኑትን ቋሚ በዓመት ውስጥ መልሶ ያዘምማል። ለብቻው ኮንክሪት ውስጥ የተተከለ የብረት ቋሚ ይሁንለት። በያጁ የክንፉን ሰያፍ ብረት ከታችኛው ማጠፊያ ወደ ላይኛው የውጭ ማዕዘን ያድርገው፤ እንዲህ ሲሆን ጫፉን ከታች ይደግፈዋል። አንቲረስቱ (የዝገት መከላከያ ቀለሙ) ከብየዳው በኋላ፣ የላሜራው የታችኛው ጠርዝ ውስጡ ሳይቀር ይቀባ፤ ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በመጨረሻም ከኋላ ግድግዳ ላይ ሁለት ከታች፣ ሁለት ከላይ፣ 15 በ15 ሳ.ሜ. የሆኑ ቀዳዳዎች በወንፊት ሽቦ ሸፍነው ይተዉ። እርጥብ ሆኖ የገባ መኪና እርጥበቱ በዚያ ይወጣል፤ የፈሰሰ ቤንዚን ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ በታችኞቹ ይወጣል። ለጭስ ግን በእነሱ አይተማመኑ፤ ሞተር ለማሞቅ ሁልጊዜ በሩ ወለል ብሎ ይከፈት፣ ወይም መኪናው ወደ ውጭ ይውጣ።